የጾም ከበሮ

ሰው ስለ ራሱ እውነቱን ሲናገር ይታመናል የሚል ካለ፣ እኔን ይጠይቀኝ። እኔ እውነቱን ደጋግሜ በመናገሬ ነው ለዚህ ሁሉ ጣጣ የተዳረግሁት።

የነገሩ መነሻ የእትዬ ዘነበች እጅ ነው። እትዬ ዘነበች የደብራችን የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢም ከበሮ መቺም ናቸው። አያታቸው ከሰሜን ከሹማምንት ጋር መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ስላደጉ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያዝኑ በወላይትኛ ይናገራሉ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሻንቶ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ጭቃ አንሸራተታቸውና ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁት ወጌሻውና ሐኪሙ በዚህ ተስማሙ፤ ክረምት እስኪገባ ከበሮ የለም አሉ።

ይህ ለማኅበሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ለትንሣኤ፣ ቅዳሴው ሲያበቃ፣ እናቶች በራሳቸው ከበሮ የሚዘምሩባት አንዲት ተራ አለቻቸው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጎረምሶች ይህችን ተራ ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። "እናቶች ምቱ ይጠፋባቸዋል፤ እነሱ ይዘምሩ፣ እኛ እንምታላቸው" የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ያቀርባሉ። ከበሮ ደግሞ እንደ ርስት ነው፤ አንድ ዓመት ጦም ካደረ ሌላ ሰው ያርሰዋል። ስለዚህ ከሴቶቹ መካከል የሚመታ መገኘት ነበረበት።

"አንቺ የጎጃም ልጅ አይደለሽ?" አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ እጃቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው።

"ነኝ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ምን ያስጨንቀናል።"

ጎጃም ተወልዶ ከበሮ አለመቻል የሚቻል መሆኑን ለማስረዳት ሞከርሁ። ደብረ ማርቆስ ሳድግ ከበሮ የሚመቱት ሌሎች ነበሩ፤ እኔ የማጨበጭብ ነበርሁ፣ እሱንም ከኋላ ሆኜ። "አልችልም" አልሁ።

"አያችሁ ትሕትናዋን" አሉ እትዬ ዘነበች ወደ ሌሎቹ ዞረው።

"እውነቴን ነው እትዬ፣ ከበሮ ነክቼ አላውቅም።"

"የሚያውቅ ሰው መች ዐውቃለሁ ይላል" አሉ ሌላዋ እናት፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ።

ይበልጥ በካድሁ ቁጥር ይበልጥ ትሑት ሆንሁ። ለመማል ፈልጌ ነበር፤ መማል ኃጢአት ነው ብዬ ተውሁት። እንዲህ ሆኜ ተሾምሁ።

እንቢ ብዬ መውጣት አልችልም ነበር ወይ? እችል ነበር። ግን የእኔን ነገር ዕወቁልኝ። በሥራ ዝውውር ሶዶ የመጣሁ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ባል የለኝም፣ ዘመድ የለኝም። ሰው አገር ብቻውን የሚኖር ሰው ሌላው ሐሳብ ሁሉ ሲያልቅበት አንዲት ሐሳብ ትቀርለታለች፤ "እዚህ ብሞት ማን ያለቅስልኛል" የምትል። ስለዚህ ለቅሶ አላመልጥም። የማላውቀው ሰው ሲሞት እንኳ እሄዳለሁ፤ ለቅሶ ብድር ነው። ማኅበሩም ያችው ብድሬ ነበረች። ከዚያ ወጥቼ የት እገባለሁ?

ከበሮው በባጃጅ መጣልኝ። ባጃጅ ሶዶን ከለመደ ብዙም አልቆየም ነበርና፣ ሾፌሩ ከበሮ ጭኖ አያውቅም። ከኋላ እሱን አስቀመጠና እኔን ከጎኑ አጣበቀኝ። ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የሥዕል መጋረጃ፣ ሌላ የላትም። ከበሮው ሲገባ ሁለት ሰው ሆንን። ከእኔ ይልቅ እሱ ደባል ያገኘ መሰለ።

ጾሙ ሳይገባ ትንሽ ልለማመድ ብዬ አንድ ቀን ከሥራ መልስ አነገትሁት። በቀኝ ሰፊውን አፍ፣ በግራ ጠባቡን። መታሁ። ድምፁ ከእኔ ቀድሞ ከግቢ ወጣ። ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ በሩ ተከፈተና የማላውቃት ሴት፣ ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር የሞላ ጆንያዋን ደጃፌ ላይ ጥላ፣ ደረቷን እየመታች ገባች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች።

ወላይታ ገጠር ያለ በዓል ከበሮ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

"ማን ሞተ?" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። "ባልሽ ሞተች ወይ?"

"ባል የለኝም።"

"እናትህ ሞተ?"

በአማርኛዋ ሴትና ወንዱ ይቀያየራል፤ በእኔ ወላይትኛ ግን ሰውና ከብቱም ስለሚምታታ የምስቅበት አፍ የለኝም። ማንም እንዳልሞተ፣ ልምምድ እንደሆነ አስረዳኋት። በአንገቷ ማተብ አለ፤ የሁምቦ ተበላ ሰው ናት፣ ባሎቴ ትባላለች፤ በገበያ ቀን ቦዬ ይዛ በሚኒባስ ትመጣና ከመናኸሪያ ገበያ ድረስ በእኛ ደጅ ታልፋለች። ሲገባት ተቆጣች።

"በከንቱ አስለቀስሽኝ" አለች። "ዕንባ ከየት ይመጣል መሰለሽ?"

ቆሎ አቀረብሁላት። ቆሎውን በልታ፣ ጆንያዋን ተሸክማ ሄደች። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ስታልፍ አንገቷን በበሩ ታስገባና "ሳሮ፣ ማንም የለም?" ትለኛለች። ሳሮ ሰላምታዋ ነው፤ ቀሪው የሞተ የለም ወይ ማለቷ ነው። "ማንም የለም" ስላት ትንሽ ቅር ያላት ይመስለኛል። የባሎቴን ነገር ለማኅበሩ እናቶች ነግሬያቸው ብዙ ስቀዋል።

እንዲህ እያልሁ ጾሙ ገባ። በዐቢይ ጾም ከበሮ እንደማይመታ ታውቃላችሁ። ጽናጽልም ከበሮም አርፈው ይቀመጣሉ፤ እስከ ትንሣኤ። አሁን አስቡት። ለትንሣኤ ልመታ፣ እስከ ትንሣኤ ልለማመድ አልችልም። ዋና የማይችል ሰው ወንዙ እስኪሞላ ውኃ እንዳትነካ እንደ ተባለ ማለት ነው። ከበሮውን ነጠላ አልብሼ ጥግ አስቀመጥሁት። ባየሁት ቁጥር ከእኔ የበለጠ በጥሞና የሚጾም ይመስለኛል።

ጣቶቼ ግን አላረፉም። ጉልበቴን መታሁ፤ በለዘ። ባልዲ ደፍቼ መታሁ፤ አከራዬ "ልጄ፣ ጣራው ነው?" ብለው ወጡ። መሥሪያ ቤታችን ያን ሰሞን የቢፒአር ሥልጠና ላይ ነበር፤ ጠረጴዛውን ሳላውቀው መትቼ አሠልጣኙ "እኅቴ፣ ጥያቄ አለሽ?" አለኝ። "የለኝም" አልሁ። ጥያቄስ ነበረኝ፤ እሱ አይመልሰውም እንጂ።

መፍትሔውን ያመጡት አከራዬ እትዬ ማርታ ናቸው። እትዬ ማርታ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ስጾም ቦዬ ቀቅለው በዳጣ ይልኩልኛል፤ ዳጣው ከጾሙ ይልቅ ያስለቅሳል።

"ተስፋዬ ያለው ድራም አለ" አሉኝ። "በኤሌክትሪክ ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ አለው። አንቺ ብቻ ትሰሚያለሽ፤ ሰውም አይሰማ፣ እግዚአብሔርም አይሰማ።"

አማተብሁ። ተስፋዬ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው ተከራይ ነው፤ አስተማሪ ነው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ድራም ይመታል። የጸሎት ቤታቸው ዕቃ ቤት ስለሚያፈስ ድራሙን ክፍሉ ያሳድረዋል። ክፍሉን አስከፍቼ አየሁት። አራት ጥቁር የጎማ ሳህን፣ አንድ መቆሚያ፣ ብዙ ሽቦ። ቆዳ የለውም። ደጋግሜ ዳሰስሁት፣ ገልብጬም አየሁት፤ የከብት ነገር የሚባል የለበትም። እንደ ሽሮ ንጹሕ የጾም ነው።

ቢሆንም የንስሐ አባቴን ሳላማክር እጄን አላነሣም ብዬ ሄድሁ።

"አባ፣ የኤሌክትሪክ ከበሮ በጾም ይፈቀዳል?"

አባ ብዙ ዘመን ብዙ ኃጢአት ሰምተዋል። ይህን ግን አልሰሙም። መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

"ከምን የተሠራ ነው?"

"ከጎማ፣ አባ። ቆዳ የለውም።"

"ምን ይመስላል?"

"ሳህን።"

መስቀላቸውን እንደገና ወደ መጀመሪያው እጃቸው መለሱት። "ሳህን መምታት በፍትሐ ነገሥት አልተከለከለም" አሉ በመጨረሻ። "ነገር ግን ሳህን ነው ብለሽ ምቺው። ከበሮ ነው ብለሽ አትምቺው። ደግሞ ልጄ፣ ሰው በጾም የሚጨነቀው በሆዱ ነበር፤ አንቺ በምን ተጨነቅሽ?"

ስለዚህ ሳህን ነው እያልሁ ጀመርሁ። ተስፋዬ ድራሙን ክፍሌ አምጥቶ ተከለልኝ፤ ሁለት ቀጫጭን ዱላዎች ሰጠኝና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ገጠመልኝ። "ሚቼ" አለኝ፣ እኅቴ ማለቱ ነው፣ "ይህን ቁልፍ ስትነኪ ቲክ፣ ቲክ ይላል። እሱን ተከተይ። ሌላውን ቁልፍ አትንኪ።"

ሌላውን ቁልፍ ነካሁ። የማላውቀው ብዙ ሕዝብ አጨበጨበልኝ። በዕድሜዬ እንዲያ የተጨበጨበልኝ ቀን የለም። ትዕቢት እንዳይገባብኝ ቶሎ ዘጋሁት። ሁለተኛም የነካሁት እንዴት እንደሚዘጋ ላጣራ ነው።

እውነት ለመናገር ሳህኑ ተመቸኝ። አይከብድም፣ አንገት አይቆርጥም፣ ባሎቴን አያስለቅስም። በሳምንት ውስጥ እጄ ፈታ አለ። ያልጠረጠርሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማዳመጫው የሚደብቀው የሳህኑን ድምፅ እንጂ የእኔን አይደለም። እኔ ደግሞ ጆሮዬ በተደፈነ ቁጥር የማንሾካሹክ እየመሰለኝ፣ የትንሣኤውን መዝሙር በሙሉ ጉሮሮዬ እለቀው ኖሯል። በጾሙ እኩሌታ፣ ጌታ ገና ሳይሰቀል፣ በእትዬ ማርታ ግቢ ትንሣኤን የማበሥረው እኔ ነበርሁ። የእትዬ ማርታ የጸሎት ጓደኞች ሳሎን ተቀምጠው በየመሐሉ "አሜን" ይሉ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ስዘምር ትከሻዬን ሲነኩኝ ዞርሁ። እትዬ ዘነበች ከነተሰበረ እጃቸው ቆመዋል። ማዳመጫዬን አዩ፣ ዱላዎቼን አዩ፣ ጥግ ላይ ነጠላ ለብሶ የሚጾመውን ከበሮ አዩ።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ፋሲካን ያለ እኛ ብቻሽን ፈሰክሽ?"

አስረዳኋቸው። ስለ ጎማው፣ ስለ አባ፣ ስለ ሳህኑ። እስከ ጫፍ ሰሙኝና "አሁን ትሕትና እንዳልሆነ ገባኝ" አሉ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

"እውነቴን ነው ያልሁት፣ እትዬ።"

"ዐውቄያለሁ። ምነው ታዲያ ውሸትሽን በሆነ።"

ወሬ በሶዶ ከባጃጅ ይፈጥናል። በሳምንቱ ጎረምሶቹ ዘንድ ሲደርስ "የእናቶች ማኅበር የፕሮቴስታንት ድራም ቤተ መቅደስ ሊያስገባ ነው" ሆኖ ነበር። ሰበካ ጉባኤ ተጠራሁ። የጎረምሶቹ ተወካይ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "እኛ ለእናቶች ክብር ብለን ነው፤ ከበሮውን ብንረከብ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል" አለ። እትዬ ዘነበች መሬት መሬት ያያሉ።

አባ ከጥግ ሆነው "ሳህን ነው" አሉ።

"አባ?"

"የምትመታው ሳህን ነው። አይቼ ፈቅጃለሁ።" አላዩትም። "እቤቷ ሳህኗን ብትመታ ጉባኤው ምን አገባው? ለትንሣኤ የቆዳውን ከበሮ ትመታለች፤ ካልቻለች ያን ጊዜ ትረከባላችሁ።"

ያን ጊዜ ትረከባላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንቅልፌ ይህን እየደገምሁ እነቃ ጀመር።

መብራት በፈረቃ የነበረበት ዘመን ነው። የእኛ ሰፈር ተራ ሲደርስ፣ ተራችን ባይሆንም እንኳ፣ መዝሙሩ መሐል መብራቱ ይሄዳል፤ ሳህኑ ዝም ይላል፤ እኔም እጄን አንሥቼ እጠብቃለሁ። ሲመጣ እቀጥላለሁ። ሰው ከመሣሪያ ምን እንደሚለምድ አያውቅም። ቲክቲክታውን የለመድሁ መስሎኝ ነበር።

የቅዳም ስዑር ዕለት ከበሮውን ነጠላውን ገልጬ አወጣሁት። በልግ ነበር፤ ጾሙን ሙሉ ዘንቧል፤ ክፍሌም እርጥብ ናት። ሰፊውን አፍ መታሁት። እርጥብ ጆንያ የመታሁ መሰለኝ። ጠባቡን መታሁ፤ እሱም ያው። ሳህን ዝናብ አያውቅም፣ ስለዚህ እኔም አላሰብሁትም። ከበሮውን አቅፌ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ።

ባሎቴ ጆንያዋን ተሸክማ ስታልፍ ቆመች። ለበዓሉ ሶዶ እኅቷ ዘንድ ልታድር ነው የመጣችው።

"ሳሮ፣ ማንም የለም?"

ከበሮውን አሳየኋት። ጆንያዋን አውርዳ ከበሮውን በጣቷ መታ አደረገችው። ጆሮዋን አስጠጋች።

"ይሄ ሞቷል" አለች።

በመጨረሻ ሰው በመሞቱ ደስ ያላት መሰለኝ። ግን አላለቀሰችም። ፀሐይ ስላልነበረ እትዬ ማርታን ከሰል አስለመነችኝ፤ ከበሮውን ከፍም ራቅ አድርገን፣ እሷ በአንድ ወገን እኔ በሌላ ወገን፣ እንደ ሕፃን እያገላበጥን አሞቅነው። እትዬ ማርታ ወንበር አምጥተው አብረውን ተቀመጡ። "እኛ ጌታን እንዲህ አድክመነው አናውቅም" አሉ። ወደ ማታ ቆዳው ተወጠረ፤ ሲነካ መለሰ።

ትንሣኤ ደረሰ። ቅዳሴው አልቆ ሊነጋጋ ሲል የእናቶች ተራ ተጠራ። ከበሮው አንገቴ ላይ ነው። ጎረምሶቹ ማይክራፎኑን ለእናቶች አስተካክለው ከፊት ተደርድረዋል፤ ተወካያቸው እጁን ለመረከብ ያዘጋጀ ይመስላል። መታሁ። አማረልኝ። ችግሩ እንደ ቲክቲክታው ማማሩ ነበር። እናቶቻችን በመዝሙሩ መሐል ትንፋሽ የሚሰበስቡባት ቦታ አለች፤ ቲክቲክታ ትንፋሽ አይሰበስብም። እኔ ወደ ፊት፣ እነሱ ተከትለውኝ፤ አንዳንዶቹ በየመንገዱ ቀሩ። የእትዬ ዘነበችን ዓይን ፈርቼ ጣራውን አየሁ።

መብራቱ ሄደ።

ማይክራፎኑ ዝም አለ፣ አምፖሎቹ ጠፉ፣ እጆቼም እንደ ለመዱት ተነሥተው ቆሙ። መቀጠል እንዳለብኝ እኔ ዐውቃለሁ፤ እጆቼ ግን አያውቁም። እናቶችም ከበሮው ሲቆም ቆሙ። ያ ሁሉ ሕዝብ በጧፍ ብርሃን ጸጥ አለ። ከበሮው ከአንገቴ ሲወጣ ታየኝ።

ከሴቶች በር በኩል፣ ከጨለማው ውስጥ፣ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"ደግሞ ማን ሞተ?"

ከዚያ እትዬ ዘነበች፣ በዚያ በሚቆጡበት አማርኛቸው፣ "ዛሬስ ማንም አልሞተም፣ ባሎቴ" አሉ። "የሞተውም ተነሥቷል።"

አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ጀመረች፣ ሳቁ መሐል ላይ እልልታ ሆነ። እጆቼ ወረዱ። መብራት የማያስፈልገው ከበሮ ብቻ ነበር፤ በጨለማው ቲክቲክታው ከጆሮዬ ጠፍቶ የእናቶቹ ትንፋሽ ይሰማኛል። ሲያርፉ አረፍሁ፣ ሲነሡ ተነሣሁ። መብራቱ ሲመለስ ማን እንዳየው አላውቅም።

ሲያበቃ የጎረምሶቹ ተወካይ መጣ። ከበሮውን አልጠየቀም።

"እኅታችን፣ መብራቱ ሲጠፋ እንዲያ ያቆምሽው ሆን ብለሽ ነው አይደል? ሞትና ትንሣኤን ለማሳየት።"

"አይደለም" አልሁ። "የሳህኑ ልማድ ነው። መብራት ሲሄድ ማቆም ለምጄ ነው።"

"አያችሁ ትሕትናዋን" አለ፣ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ።

እትዬ ዘነበች ሰምተው አላረሙትም። እጃቸው ከዳነ በኋላም "አንቺው ዘንድ ይሁን፣ ተስማምታችኋል" አሉኝ። ስለዚህ ከበሮው እስከ ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ነው። የሰው ቦታ ይዟል። በዝናብ ጊዜ እኔ ብርድ ቢይዘኝ እሱን አይይዘውም፤ ከሰሉ ወደ እሱ ነው።

ባሎቴም አልተወችም። በገበያ ቀን አንገቷን በበሩ ታስገባለች።

"ሳሮ፣ ማንም የለም?"

"ማንም የለም፣ ግቢ።"

ጆንያዋን ታወርድና አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ያን ቀን ባለቀሰችበት ቦታ ትቀመጣለች። ቆሎዋን ትበላለች። አንድ ቀን እውነተኛው ለቅሶ ቢመጣ፣ መንገዱን ታውቀዋለች።